ለእውነተኛ ኳስ የቱን ጌም ልግዛ? ኤፍሲ 26፣ ፔስ 2021፣ ፊፋ 23 እና ኢፉትቦል በሴቲንጋቸው ሲመዘኑ

በርንሌይ ኤምሬትስ ድረስ መጥቶ ከበረኛው ጀምሮ እንደ ጋርዲዮላው ባርሴሎና በአንድ ንክኪ ሲቀባበል ካያችሁ፣ ጌም ላይ ናችሁ ማለት ነው። ተጭናችሁ ትጫወታላችሁ፣ አይደነግጥም። ጨዋታው አልቆ ስታቲስቲክሱን ስትከፍቱ የቅብብል ስኬቱ ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ይሄ ሁሉ የመጣው የጌሙን የክብደት ደረጃ ሌጀንደሪ ከሚባለው ከባዱ ላይ ስላደረጋችሁት ነው።

ብዙ ሰው «እውነተኛ ኳስ እፈልጋለሁ» ሲል መጀመሪያ የሚነካው ይህችኑ ደረጃ ነው። ደረጃ ከፍ ሲል ግን በአመዛኙ የሚለወጠው ተቃራኒ ቡድኑን የሚያጫውተው የኮምፒውተሩ ብቃት ነው። ቶሎ ይወስናል፣ ቶሎ ይነጥቃል፣ ፓሱ አይበላሽም። ይከብዳል እንጂ በቲቪ የምናየውን ኳስ አይመስልም። የቲቪው ኳስ ስህተት የሞላበት ነው። ተከላካይ ጨንቆት ወደ ውጪ ይለጋል። አጥቂ ባዶ ጎል ይስታል። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አያወርድም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ፤ ጌሙ ስህተቱን፣ ፍጥነቱንና ጥፋቱን ለየብቻ እንድትነካኩ ይፈቅድላችኋል ወይ?

በዚህ ሚዛን የኢኤ ኩባንያን ኤፍሲ 26፣ ማለትም የድሮው ፊፋ ጌም ተከታይን፣ የሚያህል የለም። ጌሙ በመስከረም 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ ሁለት ዓይነት አጨዋወት ይዞ መጣ። አንዱ «ኮምፒቲቲቭ» ይባላል፤ ፈጣን ነው፣ ለኦንላይን ፍልሚያ የተሠራ ነው። ሌላው «ኦተንቲክ» ነው፤ ረጋ ያለ፣ ለካሪየር ሞድ ሰው፣ ማለትም ብቻውን ቡድን እያሠለጠነ ሲዝን ለሚጫወት፣ የታሰበ። ከዚያ በፊት የነበረው ኤፍሲ 25ም «ሲሙሌሽን» የሚባል ተመሳሳይ ምርጫ ነበረው። ዋናው ሀብት ግን ከእነዚህ በስተጀርባ ያሉት ስላይደሮች፣ ማለትም አጨዋወቱን የምታስተካክሉባቸው ቁጥሮች፣ ናቸው። ከ0 እስከ 100 ይሄዳሉ፣ መነሻቸው 50 ነው፣ ለእናንተና ለኮምፒውተሩ ደግሞ ለየብቻ ተቀምጠዋል። የሩጫ ፍጥነት፣ የፓስ ስህተት፣ የሹት ስህተት፣ የበረኛ ብቃት፣ የማርኪንግ ጥብቀት፣ የተከላካይ መስመር ከፍታ፣ የጉዳት ብዛት፣ የመጀመሪያ ንክኪ ስህተት፣ ሁሉም አለ።

እስኪ የበርንሌይን ችግር በስላይደር እንፍታው። ደረጃውን ከሌጀንደሪ ወደ ወርልድ ክላስ አውርዱ። ከዚያ የኮምፒውተሩን የፓስ ስህተት ከ50 ወደ 60 አካባቢ ከፍ አድርጉ። ቁጥሩ ሲጨምር ስህተቱ ይጨምራል፤ አንዳንዱ ሰው ይሄን ገልብጦ ይረዳና «ስላይደር አይሠራም» ይላል። አሁን በርንሌይን ስትጫኑት አንዳንዷ ፓስ ትረዝማለች፣ አንዳንዷ ወደ ውጪ ትወጣለች፣ ተከላካዩም መለጋት ይጀምራል። የእናንተንም የፓስ ስህተት ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ አለበለዚያ ፍትሐዊ አይሆንም። በሁለቱም ወገን የሩጫ ፍጥነቱን ጥቂት ነጥብ ቀንሱ። ከ45 በታች ግን አትውረዱ፤ ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ የሚሮጡ ይመስላሉ። የጉዳቱን ብዛት ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ዋጋ ያገኛል። አንዱን ነክታችሁ ጥቂት ጨዋታ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁሉንም በአንዴ ከነካካችሁ የቱ ምን እንዳደረገ አታውቁም።

አንድ ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ። የእናንተ ጆይስቲክ ሴቲንግ። የመሬት ፓስ እርዳታው «አሲስትድ» ላይ ከሆነ ጌሙ ራሱ አቅጣጫውን ያስተካክልላችኋል። ወደ «ሴሚ» ቀይሩት። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ያናድዳሉ፣ ጆይስቲክ መወርወር ሁሉ ያምራችኋል። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሮድሪ ባለ ምርጥ አማካይና በተራ አማካይ መካከል ያለው ልዩነት በእጃችሁ ይሰማችኋል። ለእኔ ከስላይደሮቹ ሁሉ ይልቅ ጌሙን የለወጠው ይሄ ነው።

መድረሳችሁን በምን ታውቃላችሁ? በእውነተኛው ሊግ ቁጥር። በ2023/24 ፕሪሚየር ሊግ በ380 ጨዋታዎች 1,246 ጎሎች ተቆጥረዋል፤ በአንድ ጨዋታ 3.28 መሆኑ ነው። ያም ራሱ ጎል የበዛበት ዓመት ነበር። የእናንተ ሲዝን በየሳምንቱ 6 ለ 4 የሚያልቅ ከሆነ የሹት ስህተቱን ከፍ፣ የአጋማሹን ርዝመት አጠር አድርጉ። ሁሉም 1 ለ 0 ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን። ስለ ርዝመት ካነሳን፣ በሜዳ ላይም ኳስ በትክክል የምትንቀሳቀሰው ከ60 ደቂቃ በታች ነው፤ ስለዚህ 45 ደቂቃ ሙሉ መጫወት አያስፈልግም። በኤፍሲ በአጋማሽ 10 ደቂቃ አካባቢ ቁጥሮቹን ወደ እውነቱ ያስጠጋቸዋል።

የኤፍሲ 26 ጉዱ ዋጋውና ክብደቱ ነው። ሲወጣ 69.99 ዶላር ነበር። በኮምፒውተር 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ዳታ እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ይሄ ሁለተኛ ዋጋ ነው። ደግሞም ስላይደሮቹ ተጫዋች በካርድ እየሰበሰባችሁ ከሰው ጋር በምትጋጠሙበት ኦንላይን አልቲሜት ቲም ውስጥ አይሠሩም። ፍላጎታችሁ እሱ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይመለከታችሁም።

ፔስ 2021ስ? ይሄ ጌም ያረጀ ይመስላል፣ አሮጌም ነው። በ2020 በ29.99 ዶላር ወጣ፣ ሠሪው ኮናሚም ከዚያ በኋላ የፔስን ስም ተወው። ስላይደር የለውም። ያለው የክብደት ደረጃ፣ የጨዋታ ፍጥነትና የፓስ እርዳታ ነው። እንግዲህ በእኔ ሚዛን ወድቋል ማለት ነው፤ ሆኖም ጌሙን መጣል አልቻልኩም። ምክንያቱም ኤፍሲ በስላይደር የሚመጣለትን ነገር ፔስ ሳትነኩት ያደርገዋል። ኳሷ ክብደት አላት። ተጫዋች ዞሮ ለመምታት ጊዜ ይወስድበታል። ደካማ ቡድን እንደ ደካማ ቡድን ይጫወታል፤ ኋላ ተሰብስቦ ረጅም ኳስ ይልካል። ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ቀንሳችሁ «ሱፐርስታር» በሚባለው የክብደት ደረጃ ማስተር ሊግ (የፔስ ካሪየር ሞድ) ብትጀምሩ ብዙም የምትጎረጉሩት ነገር አይኖርም። ርዝመቱን ስታስተካክሉ ግን ተጠንቀቁ፤ በፔስ 20 ሲባል ሙሉው ጨዋታ ነው፣ በኤፍሲ 10 ሲባል ግን አንዱ አጋማሽ ብቻ ነው።

የማይስተካከለው ዳኛው ነው። ፔስ 2021 ላይ ዳኛው ቸር ነው። ከኋላ ትመታላችሁ፣ «ቀጥሉ» ይላል። ለዚህ የሚነካ ቁልፍ የለም። ሌላው ፈቃድ ነው። ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በትክክለኛ ማሊያና አርማ የምታገኙት ማንቸስተር ዩናይትድንና አርሰናልን ነው። ደግነቱ የእኛ ሰፈር ሕዝብ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይወጣም። ለቀሩት ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሰዎች ያዘጋጁትን ኦፕሽን ፋይል፣ ማለትም የትክክለኛ ስምና ማሊያ ፋይል፣ በፍላሽ ማስገባት ይቻላል፤ ኤክስቦክስ ላይ ግን አይሆንም። ኮምፒውተር ያለው ሰው የበለጠ ዕድለኛ ነው። ስሞክፓች የሚባሉት ሰዎች በፔስ 2021 ላይ ተመሥርተው «ፉትቦል ላይፍ»ን ሠርተዋል፤ ስምና ማሊያው ታድሷል፣ ክፍያም የለውም።

ፊፋ 23ን ቶሎ ልለፈው። ኢኤ ከፊፋ ጋር ሳይለያይ የወጣ የመጨረሻው ነው። ዋናዎቹ ስላይደሮች እዚህም አሉ፣ ለኮምፒውተሩና ለእናንተም ተለያይተዋል። የሚጎድለው ኦተንቲክ የሚለው ዝግጁ አጨዋወትና አዲሶቹ ዝውውሮች ናቸው። ሁለቱም የማያሳስባችሁ ከሆነ ያገለገለ ዲስክ ፈልጋችሁ ብዙ ገንዘብ ታተርፋላችሁ። ሌጀንደሪ ላይ መጫወት ካለባችሁ «ኮምፒቲተር ሞድ»ን አጥፉት። እሱ ሲበራ ኮምፒውተሩ እንደ ውድድር ተጫዋች በስኪል ያጫውታችኋል፤ የመሐል ተከላካይ ሳይቀር ሲሽከረከር ታያላችሁ።

ፔስን የተካው የኮናሚ ጌም ኢፉትቦል ነፃ ነው። በ2021 ሲወጣ የሰው መሳቂያ ሆኖ ኮናሚ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሷል። አሁን በጣም ተሻሽሏል፣ ስልክ ላይም ይሠራል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን አይሆንም። ማስተር ሊግ የለም፣ ስላይደር የለም፣ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዩኤፍኤል የሚባል ሌላ የኳስ ጌምም በ2024 መጨረሻ በነፃ ወጥቷል፤ እሱም የኦንላይን ነው፣ ያው ነው።

እና የቱን ትግዙ? ፕሌይስቴሽን 5 ካላችሁ፣ ገንዘቡ ካላችሁ፣ ሲዝን ሙሉ ብቻችሁን ማሠልጠን ከወደዳችሁ ኤፍሲ 26። ኮምፒውተራችሁ መካከለኛ ከሆነና ኢንተርኔት የሚያስቸግር ከሆነ ፔስ 2021 በፉትቦል ላይፍ በኩል፤ ከሰው ሀርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉት። ፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ካላችሁ የምመክራችሁ ከፊፋ 23ና ከፔስ ዲስክ አንዱን ነው፤ መነካካት ለሚወድ ፊፋ፣ ከፍቶ መጫወት ለሚፈልግ ፔስ። ጌሙን የምትገዙት ለጨዋታ ቤት ከሆነ፣ ተሸናፊ እየከፈለ ሌላው ወረፋ በሚጠብቅበት ቦታ ስላይደር ማንም አይነካም፤ ኤፍሲ ግዙና አጋማሹን 4 ደቂቃ አድርጉት። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ከፍታችሁ አንድ አጋማሽ አጫውቱት፤ ሲገለብጡት የማይታይ ጭረት ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ጌሙ ሲጫን ነው።