ፓምፕ ከቆጣሪ ላይ በቀጥታ እንዳታስገጥሙ

አዲስ አበባ ውስጥ የውሃ ግፊት አንሶባችሁ «ፓምፕ ግጠሙና ተገላገሉ» የተባላችሁ ሰዎች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ጎረቤታችን የሆኑ እናት ሻወራቸው ጠብ ጠብ እያለ አስቸገራቸው። ከአንድ ሱቅ የመጣ ገጣሚ ምንም ሳይፈትሽ ከቆጣሪው ቀጥሎ ፓምፕ ገጠመላቸው። ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ ሲጠፋ ፓምፑ ባዶውን ይዞራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የሳቸውም ተቃጠለ። ዋስትናውን ሲጠይቁ «ያለ ውሃ ለተነሳ ፓምፕ ዋስትና የለም» ተባሉ። እንደዚያ አድርጎ የገጠመው እኮ ራሱ ሱቁ ነው!

ጉዳቱ በብር ብቻ አያበቃም። ከቆጣሪ ላይ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ ይሻማል። ዋናው መስመር ሲደርቅ ደግሞ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ቆሻሻ ስቦ ሊያስገባ ይችላል። ያንን ውሃ ልጆች ይጠጡታል። ፓምፕ መገጠም ያለበት ከታንከር በኋላ ነው፤ ታንከሩ ሲጎድል በራሱ የሚያጠፋው ተንሳፋፊም ያስፈልገዋል።

«ወደ ላይ 40 ሜትር ይገፋል፣ በደቂቃ 40 ሊትር ይሰጣል» ሲሏችሁም አትሸወዱ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ጠብ የሚል ውሃ የለም።

ደግሞስ ፓምፕ የሚያስፈልገው ሁሉም ቤት ነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ ሙሉና ሰዓት ያዙ። ከዚያ ወጥ ቤት ድገሙት። ውጭ ቶሎ ሞልቶ ውስጥ ከዘገየ ችግሩ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ነው። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈታችሁ እጠቡ። የውሃ መዝጊያው (ቫልቩ) እስከ መጨረሻው መከፈቱን እዩ። ቱቦው የድሮ ብረት ከሆነ በዝገት ጠቦ ይሆናል፤ እሱን መቀየር እንጂ ፓምፕ አያድነውም።

ታንከራችሁ ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግን ግፊቱ 0.2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ ማለትም ትንሽ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ፓምፕ ይጠቅማል። ስትገዙ ሞዴሉ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዋስትናው የማይሸፍነውንም በወረቀት ተቀበሉ። ቀሪውን ብር ሻወሩን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።

የእኚያ እናት ብር እስካሁን አልተመለሰም። እንዲህ የተደረገባችሁና ደረሰኝ የያዛችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ንግድ ቢሮ አብረን አቤት እንበል።