ቲቸርን ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ትናንት ማታ አንዲት ተማሪያችን የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ውጤቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሁሉንም አልፋለች። ከሥሩ "ለቲቸርም ንገሪልኝ" ብላ ጽፋለች። ነገርኳቸው። ለእሳቸው ብቻ መንገር ግን አልበቃኝም። ይህ ምስጋና ከዘገየ ዓመት አልፎታል።

እኔ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶችን መልሶ ለኮሌጅ የሚያበቃ አነስተኛ ፕሮግራም አስተባብራለሁ። ቲቸር የምንላቸው ሴት ይህን ፕሮግራም አፍርሰው እንደገና የነደፉልን ባለሙያ ናቸው። ለረጅም ዓመታት ክፍል ውስጥ አስተምረዋል። አሁን ሥራቸው እንደኛ ላሉ ቡድኖች ፕሮግራም መንደፍ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኔም ፈቃዳቸውን አከብራለሁ።

በፊት የነበርንበትን ልንገራችሁ። ያቋረጡትን አፈላልገን እንመዘግባለን። ማታ ማታ እናስተምራለን። ከሁለተኛ ደረጃ ጋር የሚስተካከለውን ፈተና እናስፈትናለን። ላለፉት እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንበታተናለን። ከዓመት በኋላ ስንቆጥር ኮሌጅ የገቡት ጥቂት ናቸው። ገብተው የቆዩት ደግሞ ከጥቂቶቹም ጥቂት። እኛ "ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም" እንል ነበር። እኔ ራሴ ደጋግሜ ብዬዋለሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል። ከሥራ ወጥቶ፣ ደክሞት፣ በዕድሜ ከሚያንሱት ጋር ተቀምጦ ክፍልፋይ የሚማር ሰው ፍላጎት የለውም ይባላል?

ቲቸር መጀመሪያ የመጡ ቀን አሳምረን ያዘጋጀነውን ሪፖርት ወደ ጎን አደረጉት። "እናንተ ጋ ተመልሰው እንደገና የጠፉት ስም ዝርዝር አላችሁ?" አሉ። አለን። "እያንዳንዳቸው ለመጨረሻ ጊዜ የመጡበት ቀንስ?" ዝም አልን።

ሁለት ሳምንት የስም መጥሪያ ወረቀት ስናገላብጥ ከረምን። ቀኑን ስናገኝ ወደ ስልክ ገባን። "ለምን ተውክ?" ማለት ክልክል ነበር። "ለምን" የተባለ ሰው ወዲያው ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ወይ ደግሞ እኛ ደስ የሚለንን መልስ ይሰጠናል ይላሉ ቲቸር። የምንጠይቀው እንዲህ ነበር፦ የዚያን ቀን ከክፍል ወጥተህ ወዴት ሄድክ? በነጋታው ምን ነበር? ማንን አገኘህ?

መልሶቹ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጡም። አንዱ የሥራ ፈረቃው ተቀይሮበታል፤ እኛ ግን ሰዓታችንን ንክች አላደረግንም። አንዷ ሕፃኗን የምትይዝላት እህቷ ሥራ አገኘች። አንዱን ሰሌዳ ላይ ወጥተህ ሥራ አሉት፤ አልቻለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም። ከሁሉም የከበደኝ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈው ልጅ ነው። ኮሌጅ ተቀብሎታል። ሊመዘገብ ሲሄድ "የድሮ ትምህርት ቤትህ ማስረጃ አልደረሰንም" አሉት። ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ "ልከናል" አሉት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ምዝገባው አለቀ። ክልክሉን ረስቼ "ለእኛ ለምን አልነገርከንም?" አልኩት። "ጨርሰሃል ብላችሁ ሸኝታችሁኝ የለ? ምን ብዬ ልመለስ?" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ቲቸር መልሶቹን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ በቀን ቅደም ተከተል ለጠፏቸው። ወረቀቶቹ ሁለት ቦታ ላይ ተከማችተው አየን። አንደኛው ልጆቹ በተመለሱባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ሁለተኛው ፈተና ካለፉ በኋላ ኮሌጅ እስኪጀመር ባለው ጊዜ። በዚያ ሁለተኛ ጊዜ ላይ እኛ አንድ ሠራተኛ አልመደብንም። አንድ ስልክ አንደውልም። የእኛ ሥራ እዚያ አልቋል፤ የኮሌጁ ገና አልጀመረም። ልጁ መሀል ላይ ብቻውን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አለመሆኑንም ያስረዱን እሳቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ቤንጃሚን ካስልማን እና ሊንዚ ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ኮሌጅ ከተቀበላቸው በኋላ ክረምቱ ሲያልፍ ሳይመጡ የሚቀሩ ተማሪዎችን አጥንተዋል። እነዚህ እንኳ ሁለተኛ ደረጃን በወጉ የጨረሱ ናቸው። በዚያ ክረምት ሰው ሲያማክራቸው፣ ምን መቼ መሞላት እንዳለበት የሚያስታውስ አጭር መልእክት በስልክ ሲደርሳቸው፣ ሊቀሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ይደርሳሉ። መልእክት መላክ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት። እኛ ይህን እንኳ አናደርግም ነበር።

ፈተናው ላይ ብቻ መንጠልጠላችንንም ፊት ለፊት ነገሩን። ጂኢዲ የሚባለው የአሜሪካ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1942 የተጀመረው ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ለዘመቱ ወታደሮች ተብሎ ነው። በኋላ ላቋረጠ ሁሉ መመለሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ስቴፈን ካሜሮን እና ጄምስ ሄክማን አንድ ጥናት አወጡ። በሥራ ገበያ ላይ ፈተናውን ያለፉት ከመደበኛ ተመራቂዎች ይልቅ ያቋረጡትን ይመስላሉ የሚል ነው። ቲቸር ይህን ያነሱት ፈተናውን ለማጣጣል አይደለም። ልጆቹ እንዲያልፉ ይፈልጋሉ። የሚያሳስባቸው ፕሮግራሙ በሙሉ ለአንድ ቀን ፈተና ሲሠራ ኮሌጅ ውስጥ የሚጠብቃቸውን ሥራ የሚያስተምር መጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ንድፉን ከመጨረሻው ጀመሩት። ኮሌጁ ለአንደኛ ዓመት የሚሰጠውን የሒሳብ የቤት ሥራና የጽሑፍ ሥራ ናሙና አምጡልኝ አሉን። አመጣን። አስቀምጠው ወደ ኋላ ቆጠሩ። ተማሪው እዚያ ገጽ በገጽ አንብቦ የራሱን ሐሳብ ከነማስረጃው እንዲጽፍ ይጠየቃል። እኛ ከአንድ አንቀጽ በላይ አጽፈን አናውቅም። ሒሳቡም እንደዚያው። ልጆቹ ሁሉንም ክፍል ከሀ እስከ ፐ መድገም አያስፈልጋቸውም ነበር። በመመዘኛ ስናያቸው ብዙዎቹ የሚሰናከሉት ክፍልፋይ፣ ንጥጥርና አሉታዊ ቁጥር ላይ ነው። እነዚህ ሲስተካከሉ የቀረው ይከተላል። የሚያውቁትን እያስደገምን ምን ያህል ሰው እንዳሰለቸን እግዚአብሔር ይወቀው።

የድሮ ማስረጃ የሚሰበሰበው አሁን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከተማሪው ጋር አብሮ የሚሄድ ሰው አለን። ያ ልጅ ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት ነገር አሁን ተማሪው ገና ደብተር ሳይገዛ ያልቃል። ቀደም ብሎ ያለፋቸው ትምህርቶች ካሉም ያኔ ይታወቃሉ።

ሌላው ለውጥ የቦታ ነው። ቲቸር በፖርትላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለተጀመረው ጌትዌይ ቱ ኮሌጅ ስለሚባለው ፕሮግራም ብዙ ነግረውናል። እዚያ ያቋረጡ ወጣቶች የሚማሩት ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ በትንሽ ቡድን ሆነው አብረው ንባብ፣ ጽሑፍና ሒሳብ ይማራሉ። የሚወስዱት ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃም ለኮሌጅም ይያዝላቸዋል። እኛ ይህን የመጨረሻውን ማግኘት አልቻልንም። ኮሌጁን ለምነናል፤ ደንቡ አይፈቅድም ተባልን። ክፍል ግን ሰጡን። አሁን ማታ የምናስተምረው እዚያው ግቢ ነው። ተማሪዎቻችን ቤተ መጻሕፍቱን ያውቁታል። ሬጂስትራር ቢሮው የት እንደሆነ፣ መስኮቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ኮሌጅ ሲጀምሩ ግቢው አዲስ አይሆንባቸውም። ለእኔ ከሁሉም ለውጦች የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ከዚያ ደግሞ የአማካሪው ጉዳይ አለ። በፊት ተማሪውን አንዱ ይመዘግበዋል፣ ሌላው ያስተምረዋል፣ ሌላው ይሸኘዋል። ቲቸር "ይህ ልጅ የማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ወደ ሌላው አየን። አሁን አንድ ተማሪ ከተመዘገበበት ቀን አንስቶ የኮሌጅ አንደኛ ዓመትን እስኪጨርስ አንድ አማካሪ ነው ያለው። ይህን ሲያስረዱን ያነሱት የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረውን ኤሳፕ የተባለ ፕሮግራም ነበር። እዚያ ያሉት አቋርጠው የተመለሱ ሳይሆኑ፣ በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና ማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ችግሩ ግን ይመሳሰላል። በየጊዜው የሚያገኙት፣ ጥቂት ተማሪ ብቻ የያዘ አማካሪ ይመደብላቸዋል። የትራንስፖርት እና የመጽሐፍ ወጪያቸው ይሸፈናል። ኤምዲአርሲ የተባለው የጥናት ተቋም ተማሪዎቹን በዕጣ ከፍሎ አወዳደረ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኤሳፕ ተማሪዎች 40 በመቶ ሲመረቁ ከሌሎቹ 22 በመቶ ተመረቁ። ኦሃዮ ውስጥ ሦስት ኮሌጆች ሲሞክሩትም የተመረቁት ከሌሎቹ ወደ እጥፍ የተጠጉ ነበሩ። ቲቸር ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "የአውቶቡስ ቲኬት፣ መጽሐፍ እና የሚደውል ሰው" አሉን።

እኛ የአቅማችንን አደረግን። ደንባችን አጭር ነው። ተማሪ ሁለት ቀን ከቀረ አማካሪው ይደውላል። ስልክ ካላነሳ ይሄዳል። ወቀሳ የለም። "ደህና ነሽ ወይ? ምን እናግዝ?" ብቻ።

ውጤቷን የላከችልኝ ልጅ በዚህ ደንብ ነው የተረፈችው። ሁለት ልጆች አሏት። በሁለተኛው መንፈቅ ትንሹ ታመመባትና የአጋማሽ ፈተና አለፋት። እንደ ድሮው ቢሆን ያ ቀን የመጨረሻዋ ይሆን ነበር። ከመጀመሪያው ትምህርት ቤቷም የወጣችው ልክ እንዲህ ነው፤ አንድ ፈተና አመለጣት፣ አፈረች፣ ቀረች። አሁን ግን አማካሪዋ ደወለች። አብረው ዲፓርትመንት ሄዱ። የሕክምና ወረቀቱን አሳዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ተፈተነች። በቃ፣ ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ነው የሚመስለው።

ቲቸርን ለምትፈልጉ እውነቱን ልንገራችሁ። ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ከእኛ ጋር አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ቆይተዋል። ለለጋሽ የሚቀርብ ፕሮፖዛል ብቻ እንዲጽፉላችሁ ከሆነ አይመጡም። የምትቀበሉትን ተማሪ ቁጥር እንድትቀንሱ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። እኛን በግማሽ አስቀንሰውናል። በጣም ተከራከርናቸው። በር ላይ የቆመን ልጅ "ቀጣዩን ዙር ጠብቅ" ማለት ከባድ ነው፤ አሁንም ይከብደኛል። ግን አንድ አማካሪ በስም የሚያውቀው፣ የልጁን የሥራ ሰዓት የሚያውቀው ስንት ተማሪ ነው? ከዚያ በላይ ስንቀበል የምናደርገው መልሰን ማጣት ነበር።

ሌላም ነገር። ልጆቹ ፊት ስለ ልጆቹ አያወሩም፤ ልጆቹን ያናግራሉ። የንድፉ ስብሰባ ላይ አቋርጠው የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ከእኛ እኩል ተቀምጠው ነበር። የክፍል ሰዓቱን የመረጡት እነሱ ናቸው። ሰሌዳ ላይ ሰው በግድ አይውጣ ያሉትም እነሱ ናቸው። ለዋሉበት ቀን እንዲከፈላቸው ያደረጉት ቲቸር ናቸው።

ቲቸር፣ ይህን ካነበቡት፦ እግዜር ይስጥልን። ያ ማስረጃው ጠፍቶበት የቀረው ልጅ በዚህ ዙር ተመልሶ ተመዝግቧል። ራሴ ነኝ የደወልኩለት። ማስረጃውን ባለፈው ማክሰኞ አብረን ሄደን በእጃችን ተቀብለናል።

ተመሳሳይ ፕሮግራም ያላችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከእሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን የጠፉባችሁን ተማሪዎች ስም እና እያንዳንዳቸው ለመጨረሻ ጊዜ የመጡበትን ቀን አዘጋጁ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።