ለማዲያት ብለን የገዛነው ክሬም፦ እርጉዝ ያላችሁ አንብቡት

እህቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ማዲያት ፊቷን ወረሰው። መስታወት ማየት ጠላች። አንጀቴ አልችል ቢል ከአንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ክሬም ገዛሁላት። 1,800 ብር። «እርጉዝ ናት፣ ችግር የለውም?» ብዬ ሻጯን ጠይቄያታለሁ። «ኧረ ምንም አይልም፣ በሁለት ሳምንት ጥርት ያደርጋታል» አለችኝ። አመንኳት።

እውነትም በአሥር ቀን ጠራ። ያስደነገጠኝ ፍጥነቱ ነው። ካርቶኑን ገልብጬ አየሁት። የአምራቹ አድራሻ የለም። ከምን እንደተሠራ የሚል ነገር የለም። ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ወርቅና ብር አታስነኩ። እህቴ ለካ ማታ ማታ የቃል ኪዳን ቀለበቷን አውልቃ ነበር የምትቀባው።

ይቺን መስመር ልብ በሉ። ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ወርቅና ብር ሲነካ ይዋሃደዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ክሬሙ ሜርኩሪ ሊኖርበት እንደሚችል ይጠቁማል ይላል። ዝርዝር የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ «ሜርኩሪ» የሚለውን ብቻ አትፈልጉ፤ ካሎሜል ወይም ሲናባሪስ ተብሎም ይጻፋል።

ሜርኩሪ ቆዳ ጥቁር ቀለሙን እንዳያመርት ያግዳል። ቶሎ የሚያቀላው ለዚህ ነው። ግን ፊት ላይ አይቀርም። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ጽንሱ ደግሞ አንጎሉ ገና እየተሠራ ነው። ክሬሙ የነካው ፎጣና ትራስ እንኳ ለሌሎች የቤት ልጆች ይተርፋል።

ጃፓን ሚናማታ ላይ የሆነውን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ፋብሪካ ባሕር ውስጥ የለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣው ውስጥ ገባ፣ ዓሣውን የበሉትም ታመሙ፤ በሽታው በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 1956 ነው። ሕመሙ እምብዛም ያልታየባቸው እናቶች መራመድና መናገር የማይችሉ ልጆች ወለዱ። ሐኪሞቹ ያን ጊዜ የእንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር። እዚያ አገር እትብት አድርቆ ማስቀመጥ ልማድ ነው፤ በኋላ ያ እትብት ሲመረመር ሜርኩሪው ተገኘበት።

የሚናማታው ሜቲል ሜርኩሪ የሚባለው፣ ወደ አንጎልና ወደ ጽንስ በቀላሉ የሚያልፈው ዓይነት ነው፣ ክሬም ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን በፈረንጆቹ 2019 አሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንዲት ሴት ራሷን ስታ ሆስፒታል የገባችው ሜቲል ሜርኩሪ በተቀላቀለበት የፊት ክሬም ነው። መለያ የሌለው ዕቃ ውስጥ የትኛው እንዳለ በዓይን አይታወቅም።

ክሬሙን ይዤ ሱቁ ተመለስኩ። «የተከፈተ አንመልስም» አሉኝ። ብሩ ይቅር። ያቃጠለኝ እዚያው ቆሜ ሻጯ ለሌላ እርጉዝ ያንኑ ክሬም «ምንም አይልም» ብላ ስታወርድላት ማየቴ ነው። ልጅቷን ተከትዬ ወጥቼ ነገርኳት።

እባካችሁ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ክሬም ካለ ዛሬውኑ አቁሙ። በፌስታል ጠቅልላችሁ አስሩት፣ ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡት። ለክትትል ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት፤ ሜርኩሪ በሽንትና በደም ምርመራ ይታያል። ሱቁንም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠቁሙ።

የእህቴ ሐኪም ክሬሙን ወዲያው አስቁሟታል። ማዲያቱ ከወለደች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እየለቀቀ እንደሚሄድ ነገራት፤ እስከዚያው ከፀሐይ እንድትጠለል አዘዛት። አሁን ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ጎትታ ነው የምትወጣው። ማዲያቱ ተመልሷል። እሷ ግን የምትጠይቀኝ ስለ ፊቷ አይደለም፤ «ልጄን ነክቶት ይሆን?» ነው የምትለኝ።