ዐውደ ምሕረት ላይ ወይስ ቤት ድረስ?

ሰባኪው ዐውደ ምሕረት ላይ ሲቆም በአንድ ጊዜ ሺህ ሰው ይሰማዋል። ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ከሺው መካከል ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን ከትዳር አጋሩ ጋር እንደተኳረፈ አያውቅም።

የንስሐ አባት በር ያንኳኳል። ጠበል ይረጫል፣ ቡናው እስኪፈላ ይቀመጣል፣ ልጆቹን ከነክርስትና ስማቸው ያውቃል። ሰው ሲሞትም ፍትሐት አድርሶ አይጠፋም፤ እስከ 40ኛው ቀን ሐዘንተኛውን ይጠይቃል። እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔን ያጽናናኝ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ካህን ነው። በእርግጥ አንድ አባት ብዙ ቤት ከያዘ ሁሉም ጋር መድረስ ያቅተዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ በጉባኤም በየቤቱም እንዳስተማረ ይናገራል (ሐዋ. 20፥20)። እኔ ግን አንዱን ምረጥ ብባል በር የሚያንኳኳውን እመርጣለሁ።