የቁጥር ዘንግ ለሠሩልን አናጺ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ለአጸደ ሕፃናት ክፍላችን የሞንቴሶሪ (ልጆች ዕቃ እየነኩ የሚማሩበት ዘዴ) ሒሳብ መሣሪያዎችን የሠሩልንን ጋሼን ከልብ እናመሰግናለን። እጃቸው ይባረክ!

የቁጥር ዘንግ ሲያዩት ቀላል ነው። አሥር ናቸው፤ ትንሹ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ 1 ሜትር። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ሰማያዊ ይፈራረቃሉ፣ መነሻው ሁሌም ቀይ ነው። ብዙ አናጺ የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው፤ ረጅም ጣውላ ላይ ልኩን ሁሉ አስቀድሞ አስምሮ ሲቆርጥ መጋዙ በየቁርጡ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከዚያ ልጅ 9ኛው ዘንግ ጫፍ ላይ 1ኛውን ቀጥሎ ከ10ኛው ጎን ሲያስተኛው አይገጥምም። ልጁ አልተሳሳተም፣ ዘንጉ ነው የዋሸው! ጋሼ አንዱን ቆርጠው ሳይጨርሱ ሌላውን አይለኩም፤ ሲያስረክቡም 9ን ከ1፣ 8ን ከ2፣ 7ን ከ3፣ 6ን ከ4 ጋር እያስተያዩ ነው። የቀለሙን ድንበር በፕላስተር ሸፍነው ስለሚቀቡ ቀዩ ወደ ሰማያዊው አልፈሰሰም። እየዳሰሰ ለሚቆጥር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእንዝርት ሣጥኑ ከ0 እስከ 9 ክፍል አለው፤ እንዝርቶቹ (ልጁ እየቆጠረ በየክፍሉ የሚያስገባቸው ቀጫጭን እንጨቶች) 45 ናቸው፣ አንድም አይበልጡ አንድም አይጎድሉ። ልጁ በትክክል ከቆጠረ መጨረሻ ላይ እጁ ባዶ ይሆናል፣ የ0 ክፍልም ባዶ ይቀራል። አንድ ከጠፋ ግን 9ኙ ጋ 8 ብቻ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ትርፍ አሠሩና ጓዳ አስቀምጡ፣ ሣጥኑ ውስጥ አትጨምሩ። የእንዝርቶቹን ውፍረትም ለአናጺው ንገሩ፦ ዘጠኙ በአንድ ትንሽ እጅ ካልተጨበጡ የብዛቱ ስሜት ይጠፋል።

ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ቅርጻቸውን የሚማርባቸውን የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሮች ራሳችን ቆርጠናል። በጀርባው ስትስሉ ገልብጣችሁ ካልሳላችሁ 3 ዞሮ ይወጣል። ደቃቁን ወረቀት ምረጡ፤ ሻካራው ጣት ይፍቃል፣ ልጁም ሁለተኛ አይነካውም። ስታስተምሩ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ብቻ አቅርቡ፤ መጀመሪያ «ይህ ሦስት ነው»፣ ከዚያ «ሦስትን አሳየኝ»፣ በመጨረሻ «ይህ ስንት ነው?»። ሁለተኛው ላይ ከተደናገረ ወደ ሦስተኛው አትለፉ፣ ለነገ ይደር።

ጋሼ የዶቃ ሥራ (ሌላውን የሞንቴሶሪ መቁጠሪያ) አይሠሩም፣ ቀለሙም ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ አታስቸኩሏቸው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።