ለእናቴ የጀልባውን መሪ ላስያዟት ካፒቴን ምስጋና

በኤጂያን ባሕር ላይ በባለ ሸራ ጀልባ ለመጓዝ የምታስቡ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። አምና የተጓዝንበት ድርጅት ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ስልክ የሚያነሣ ጠፋ፤ ጾመኞች መሆናችንን አስቀድመን ብንናገርም ያቀረቡልን አይብ የተነሰነሰበት ሰላጣ ነበር፣ «አይቡን ለቅማችሁ ብሉት» ተባልን። የጓጓንላትን፣ የጥንት ግሪኮች ቅዱስ ደሴት የነበረችውን ዴሎስን ደግሞ ከሩቅ አሳይተውን አለፉ። ገንዘቡስ ይቅር፣ የእናቴ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ በፍልሰታ ከላቭሪዮ ወደብ የተነሣነው ከእኒህ ሽማግሌ ግሪካዊ ጋር ነው። እሳቸውም የእመቤታችንን ጾም ይጾሙ ስለነበር፣ ማንም ሳይነግራቸው በቲማቲምና በወይራ ዘይት የተሠራ ቦሎቄ አቀረቡልን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ440ዎቹ ዓመታት የተሠራው የጥንት ግሪኮች የባሕር አምላክ የፖሲዶን ቤተ መቅደስ በሱንዮን ገደል ጫፍ ላይ ሲታየን፣ በአፈ ታሪካቸው የአቴና ንጉሥ የነበረው ኤጌዎስ የልጁ መርከብ ጥቁር ሸራዋን ሳትቀይር ስትመለስ አይቶ፣ ልጁ የሞተ መስሎት ራሱን ወደ ባሕር እንደወረወረ፣ ባሕሩም ስሙን እንደወረሰ አጫወቱን። እናቴ ቀና ብላ የእኛን ሸራ አየች።

ከኪትኖስ ደሴት ስናልፍ በበጋ ከሰሜን የሚነሣው መልቴሚ የሚሉት ነፋስ ያዘን። ጀልባዋ ስታዘነብል እናቴ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ታስመልስ ጀመር። ካፒቴኑ ገመዶቹን ምን እንዳደረጓቸው እኔ አልገባኝም፤ ብቻ ሸራው አነሰ፣ ጀልባዋም ረጋ አለች። ከዚያ «ማና» ብለው ጠሯት፣ በእነርሱ ቋንቋ እማማ እንደማለት ነው፤ እጇን መሪው ላይ አኑረው፣ የእሳቸውን እጅ ሳያነሡ፣ ሩቅ ያለውን ደሴት ብቻ እንድታይ በምልክት ነገሯት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማስመለሱ ቆሞ «ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ?» እያለች ትጠይቃቸው ነበር።

ዴሎስ ላይ ማደር ስለማይፈቀድ በጎረቤቷ በሪኔያ መልሕቅ ጥለን አደርን፣ በማግሥቱም እንደ ቃላቸው ዴሎስ ላይ አወረዱን። አቴናውያን በ426 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የዴሎስን መቃብሮች ቆፍረው ወደ ሪኔያ እንዳዛወሩ፣ በዴሎስም መውለድና መሞትን እንደከለከሉ ካፒቴኑ ሲነግሩን፣ እናቴ «ታዲያ እኛን ከመቃብሩ ጋር አሳደሩን?» አለች። ስተረጉምላቸው እስኪያነቡ ሳቁ።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ በደስታ እሰጣለሁ፤ አረጋውያን ወላጆችን ይዛችሁ የምትሄዱ በተለይ፣ እባካችሁ ከእሳቸው ጋር ሂዱ። ካፒቴን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴ ጎንደር ገብታ ለዕድርተኞቿ «መርከብ ነዳሁ» እያለች ነው።