ኤችቢ100 ወይስ አርሲደብሊውኤል-0516? የራዳር ሞጁል ከመግዛታችሁ በፊት

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። «ፍጥነት የሚለካ ራዳር ልሠራ ነው፤ የትኛውን ሞጁል ልግዛ?» መልሴ ሁሌም ኤችቢ100 ነው።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ርካሹን ነበር። አርሲደብሊውኤል-0516 አንዱ 350 ብር፣ ሦስቱ 1,050 ብር። ሦስት የገዛሁት የመጀመሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነው። ሰው በ2 ሜትርም በ5 ሜትርም ቢያልፍ መውጫው ላይ ያው 3.3 ቮልት ነው። ለካ ደህና ነበር! ይህ ሞጁል የሚናገረው «የተንቀሳቀሰ አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ነጥሮ የመጣውን ሲግናል ውስጡ አይቶ ይወስናል፣ ለእናንተ አያሳያችሁም። ለደረጃ መብራት ግን ይሆናል።

በዚያው 1,050 ብር ኤችቢ100 በ900፣ ሲግናል የሚያጎላው ቺፕ (ኤልኤም358) ከነሬዚስተሩና ካፓሲተሩ በ150 ይገዛ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኤችቢ100 ጥሬውን ሲግናል ይሰጣል፤ ግን በማይክሮቮልት (በቮልት ሚሊዮንኛ) ነው። አንድ ጓደኛዬ በመልቲሜትር ለክቶ ምንም ሲያጣ «ሞቷል» ብሎ ደህናውን ዕቃ መለሰ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ኃይል ወደ 1/16ኛ፣ ቮልቴጁ ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ3 ሜትር 200 ማይክሮቮልት ካገኛችሁ በ6 ሜትር 50፣ በ12 ሜትር 12.5 ይቀራል። በአምፕሊፋየር 10,000 ጊዜ ስታጎሉት 200ው 2 ቮልት ይሆናል፤ አርዱይኖ (ሲግናሉን የሚያነበው ትንሽ ሰሌዳ) በደንብ ያነበዋል። 12.5ቱ ግን 0.125 ቮልት ብቻ ነው፣ በቀላሉ ጫጫታ ይውጠዋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ሁለተኛ ሞጁል ላይ ሳይሆን ጥሩ አምፕሊፋየር ላይ አውሉት።

ፍጥነቱን የምታገኙት ከዚህ ሲግናል ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር በሰዓት 19.5 ኸርዝ ገደማ። ፍሎረሰንት መብራት ስር ከሞከራችሁ ግን ማንም ሳይንቀሳቀስ 100 ኸርዝ ይመጣል፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ይመስላል። እኔ በዚህ ሁለት ቀን ተንከራትቻለሁ። መብራቱን አጥፉት።

በ600 ብር የወሰድኩት የኤችቢ100 ኮፒ ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥም ዝም አይልም ነበር። ሻጩ አልመለሰልኝም። 300 ብር ለማትረፍ ብዬ 600 ጣልኩ። ኦሪጅናሉንም ቢሆን ከ5.25 ቮልት በላይ አትስጡት፤ ስትበይዱም መጀመሪያ እጃችሁን መሬት የገባ ብረት አስነኩ። አንዱን ሹራብ ለብሼ ስበይድ በስታቲክ (ልብስ ሲፋተግ ሰውነት ላይ በሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አቃጥያለሁ፣ እሱን የሚጠግን አላገኘሁም።